የኮርኔሊያ ሰሌዳ

ወዳጆቼ፣ እጃችሁ ሥራ ካልያዘ ጠጋ በሉና ላጫውታችሁ። በሐረግ የተነሣ ሰው ይገደላል ብሎ የነገረኝ ቢኖር ድሮ እስቅበት ነበር። ስማዊ ሐረግ፣ ግሳዊ ሐረግ፣ መስተዋድዳዊ ሐረግ እየተባለ ተማሪ ቤት ያልተንገላታ ማን አለ? ከዚያ የሚመጣው ክፋት ቢበዛ ኩርኩም ነው። ኒው ዴልደን የምትባል የሐይቅ ዳር መንደር ውስጥ ግን ከኩርኩም አለፈ። እግዚአብሔር ከክፉ ይጠብቀን።

አልዳ ፊንክ የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ስልኩ ሲጮህ ጫማዋን እያሰረች ነበር። የአውራጃው ፖሊስ መርማሪ ናት። ልጆቿን አሳድጋ ከቤት ያስወጣች፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንላት ሴት።

«ሐይቁ ዳር ያለው የቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ቤት ነኝ፤ ቶሎ ድረሺ» አላት አለቃዋ ሸሪፍ በርናርድ ኩይከር። «ኮርኔሊያ ቴንፓስ ሞታለች። ወላጁ ደግሞ ለሐረግ ቀን አዳራሹን ሞልቶታል።»

የሐረግ ቀን ማለት ለዚያ መንደር ትልቅ ነገር ነው። በየዓመቱ ኅዳር ላይ ልጆቹ በየትንንሽ ሰሌዳቸው የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ይሰጣቸዋል፤ በቀለም ጠመኔ እየከበቡ ሐረግ በሐረግ ይበልቱታል። በመጨረሻ ኮርኔሊያ አዘጋጅታ በመጋረጃ የሸፈነችው የመልስ ሰሌዳ ይገለጥና ክፍሎቹ ይዳኛሉ። ያሸነፈው ክፍል ዋንጫ ይወስዳል። የተሸነፈው ክፍል ወላጅ እስከ ፋሲካ ያኮርፋል።

ኮርኔሊያ ክፍሏ ውስጥ፣ ከትንሿ መሰላል ሥር በግንባሯ ተደፍታ ነበር። ስልሳን ያለፈች፣ ያላገባች፣ የመንደሩን ሰው ግማሹን ያስተማረች ሴት ናት። አልዳ ለአፍታ ዓይኗን ጨፍና በልቧ ጸለየችላት፤ ከዚያ ክፍሉን መዞር ጀመረች።

«ከመሰላል ወድቃ መስሎን ነበር» አለ ሸሪፉ። «ሐኪሙ ግን ከኋላ ነው የተመታችው አለ።»

ጠረጴዛው ላይ የትምህርት ቤቱ ትልቅ የናስ ቃጭል ቆሟል። ጠረጴዛውን የጠመኔ ብናኝ ለብሶታል፤ ቃጭሉ ግን እንደ መስታወት ያበራል።

«ይኸ ተወልውሏል» አለች አልዳ። «መስኮቱንስ ማን ከፈተው?»

«ስንገባም ተከፍቶ ነበር። ብርዱ ሬሳዋን ስላደረቀው ሐኪሙ ሰዓቱን መናገር አልችልም ብሏል። ግን ግድ የለም፣ ሰሌዳው ይነግረናል።»

ሰሌዳው ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ይዞታል። ከላይ እስከ ታች በነጭ ተጽፎ፣ በሰማያዊ፣ በቀይና በአረንጓዴ ተከቧል።

«ትናንት ዓርብ ቀትር ላይ ልጆቹ ሲለቀቁ ይኸ ሁሉ ባዶ ነበር። ኮርኔሊያ ሰሌዳ ስታዘጋጅ ዘገምተኛ ናት፤ ሁልጊዜም እስከ ማታ ይፈጅባታል፣ ይህን የማያውቅ የለም። ስለዚህ ማታ በሕይወት ነበረች። ማታ ደግሞ የመንደሩ ሰው በሙሉ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት የአተር ሾርባ ሲጠጣ ነበር፤ ከአንዲት ሴት በቀር።»

«ማን ናት?»

«አዲሷ መምህርት፣ ሪናታ ሶቦታ። ሐሙስ ዕለት ከኮርኔሊያ ጋር ስትጨቃጨቅ ኮሪደሩ ሁሉ ሰምቷል። ማታ እዚሁ ሕንፃ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ ብላ ራሷ አምናለች። ወላጆቹ ምሳ በልተው እስኪጨርሱ እታገሥሻለሁ አልዳ፤ ከዚያ ይዣት እሄዳለሁ።»

ሪናታ ክፍሏ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ጣቶቿ ሥራ ፈትተው መቆም አልቻሉም፤ ባለቀለም ወረቀት ይቀድዳሉ፣ ይቆልላሉ፣ ደግሞ ይበትናሉ።

«ቁጭ በይ ልጄ» አለቻት አልዳ።

«እሺ» አለች፤ አልተቀመጠችም። «ከያዙኝ ማስተማር አበቃልኝ። በኋላ ንጹሕ ነሽ ብለው ቢለቁኝስ ማን ልጁን አምኖ ይሰጠኛል?»

«ሐሙስ ምን አጨቃጨቃችሁ?»

«አንዱን ልጅ ሰሌዳ ፊት አቁማ አስለቀሰችው። ዝም ማለት አልሆነልኝም። ዓርብ ጠዋት ግን መጥታ ይቅርታ ጠይቃኛለች። ይቅርታውን የሰማ የለም፤ ሰው የሚሰማው ጭቅጭቁን ነው።»

«ሾርባው ላይ ለምን አልሄድሽም?»

«ሁለት ዓመት ሄድኩ። ሁለቱንም ዓመት ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ብቻዬን ተቀምጬ ጠጥቼ ተመለስኩ። ዘንድሮስ ይቅርብኝ አልኩ።»

«ኮርኔሊያን ክፍሏ ሄደሽስ አላየሻትም?»

«በሩ ላይ ቀይ ሪባን ነበራ። ሰሌዳ ስታዘጋጅ ሪባን ትሰቅላለች። ሪባን ካለ እሳት ቢነሣም በሯ አይንኳኳም።»

«እስቲ ቀለሞቹን አስረጂኝ። እኔ ይህን ስማር መስኮት መስኮቱን ሳይ ነው ያለቀው።»

ሪናታ ለመጀመሪያ ጊዜ ረጋ አለች። ጠመኔ አነሣች፣ አጠገቧ ካለው ኩባያ ነከር አደረገችና እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር ጻፈች፤ «ከወንዙ ማዶ ያለው አሮጌ ቤት ባለፈው ክረምት ተቃጠለ።»

«‹ከወንዙ ማዶ› መስተዋድዳዊ ሐረግ ነው፤ የት የሚለውን ይነግረናል። በአረንጓዴ። ይኸው ትንሹ ሐረግ ደግሞ ትልቅ ሐረግ ውስጥ ይገባል፤ ‹ከወንዙ ማዶ ያለው አሮጌ ቤት›። ይኸ ስማዊ ሐረግ ነው፤ ራሱ፣ ማለት ዋናው ቃል፣ ‹ቤት› ነው፣ ሌላው ሁሉ የቤቱ አጃቢ። በሰማያዊ። ‹ባለፈው ክረምት ተቃጠለ› ደግሞ ግሳዊ ሐረግ፤ የሆነውን የሚናገር። በቀይ።»

«እንደ ሽንኩርት ነዋ፣ አንዱ ባንዱ ውስጥ።»

«ኮርኔሊያም እንዲያ ነበር የምትለው። ከውስጥ ጀምራችሁ ወደ ውጭ ውጡ ትላለች። ትል ነበር።»

«ኩባያው ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

«ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ። ከሷ ነው የተማርኩት፤ ጠመኔውን እየነከሩ ሲጽፉበት አይበንም። ደረቷን ያማታል፤ ትንሽ ብናኝ ከሸተታት ታፍና ነው የምታድረው። ለዚህ እኮ ነው ሰሌዳዋ ቀን የሚፈጀው፤ አንዱ እስኪደርቅ ሌላውን አትጽፍም።»

አልዳ ያንን ሰምታ ቶሎ ተነሣች።

ርእሰ መምህሩ ማርቪን ታልስማ ቢሮው ውስጥ መነጽሩን እየወለወለ ነበር። ያደርገዋል፣ ያወልቀዋል፣ ደግሞ ይወለውላል።

«የትምህርት ቤቱ ስም ወይዘሮ አልዳ፤ ስሙ እንዳይነሣ አደራ።»

«ትናንት ከሰዓት በኋላ የት ነበሩ?»

«ቤቴ፤ ቅጠል ስጠርግ።»

«ያየዎት አለ?»

«ሚስቴ እህቷ ጋ ሄዳለች። ነፋሱ አይቶኝ ይሆናል፤ የጠረግኩትን መልሶ በትኖታል። ኮርኔሊያም ምንም አላለችኝም።»

«ምን አለችዎ ብዬ መቼ ጠየቅኩ?»

ታልስማ መነጽሩን መወልወል ጀመረ።

ወጥ ቤት ውስጥ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ትሩዲ ዚልስትራ ለወላጆቹ የአፕል ኬክ እየቆረሰች ነው። ትናንትም ሾርባውን የቀዳችው እሷ ናት።

«እኔ ሐሜት አልወድም» አለች ትሩዲ፣ ቢላዋውን ሳታስቀምጥ። «ግን ያቺ ልጅ ከሰው አትቀላቀልም።»

«ቀርባችሁ አጫውታችኋት ታውቃላችሁ?»

«ሥራ ይበዛብናላ።»

«በሉ እሺ። ትናንት ማታ እነማን ነበሩ?»

«ታልስማ ነበረ፣ ሳህኑን እያየ። ሃርላን ብራወር ሲመሻሽ ከሁሉ ቀድሞ ደረሰ። እሱማ የመንደሩ ነፍስ ነው፤ እስከ መጨረሻው መዝሙር ሲመራ አመሸ። እጅጌውን ጠቅልሎ ብታዪው። ማሞቂያው ተበላሽቶ የኛ ጥርስ ሲንቀጫቀጭ እሱ በሸሚዝ። ‹ሃርላን፣ ሸሚዝ እንዳለህ ዛሬ ገና አወቅን› ብዬ ሳቅኩበት። በሐምሌ ሐሩርም ሆነ ቀብር ላይ ኮቱን አውልቆ አያውቅማ።»

አልዳ አንድ ቁራሽ ኬክ አንሥታ እየሄደች በላች።

ሃርላን ብራወር የላይኛው ክፍል የሰዋስው መምህር ነው። ሚስቱ ሞታበት ብቻውን የሚኖር፣ ድምፁ ያማረ፣ ሰላምታው የሚያሞቅ ሰው። ዋንጫው ከሱ ክፍል መደርደሪያ ወርዶ አያውቅም። ከአልዳ ጋር ቆሞ ሲያወራ የኮቱን ቁልፍ ይፈታል፣ ይቆልፋል።

«ከሰዓት በኋላ ቤቴ መዝሙር ስለማመድ ነበርኩ። ለኮርኔሊያ እንዴት እንዳዘንኩላት አትጠይቂኝ። ሃያ ዓመት ተጨቃጭቀናል እኮ። እሷ ከትንሹ ሐረግ ጀምሩ ትላለች፣ እኔ ከትልቁ። በሬውን ከያዝሽው ጅራቱ የት ይሄዳል? ልጆቹን ብትጠይቂ ‹የብራወር ክፍል ከቀይ ይጀምራል› ይሉሻል። በዚህ ላይ ሰይጣንም አያስታርቀን።»

«ሪናታ ናት ብለው ያስባሉ?»

ሃርላን ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ። «እኔ በሰው አልፈርድም» አለ።

አልዳ ወደ ኮርኔሊያ ክፍል ተመለሰች። ሬሳው ተነሥቷል። ሰሌዳው ፊት ቆማ መዳፏን በመጀመሪያዎቹ ዓረፍተ ነገሮች ላይ አሸችው፤ መዳፏ ንጹሕ ሆኖ ተመለሰ። ወደ መሐል ሄዳ ስታሽ ግን እጇ ቀይና አረንጓዴ ሆነ። ጠመኔ ማስቀመጫውን አየች። በግራ በኩል ምንም የለበትም፤ በቀኝ በኩል ብናኙ ተከምሯል። ከዚያ አፍንጫዋ ሰሌዳውን እስኪነካ ተጠግታ፣ ክቦቹ ጫፍ ለጫፍ የሚነካኩበትን ቦታ አንድ ባንድ መረመረች። አዳራሹ ውስጥ ልጆች ሲራወጡ ይሰማታል። ምሳው እያለቀ ነው።

«አለቃዬ» አለችው ሸሪፉን፣ «ሁሉንም እዚህ ሰብስብልኝ።»

ሪናታ በሩ አጠገብ ቆመች። ታልስማ፣ ትሩዲና ሃርላን የልጆቹ ወንበር ላይ ጉልበታቸው አገጫቸውን እየነካ ተቀመጡ። ሸሪፉ ካቴናውን ኪሱ ውስጥ እያንቃጨለ ቆመ።

«ይህን ሰሌዳ የጻፉት ሁለት ሰዎች ናቸው» ብላ ጀመረች አልዳ። «ኮርኔሊያ ደረቷ ታማሚ ስለነበረች ጠመኔዋን ስኳር ውኃ ውስጥ ትነክራለች። እንዲያ የተጻፈ በእጅ ቢታሽ አይለቅም። የመጀመሪያዎቹ ዓረፍተ ነገሮች አይለቁም፤ የሷ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ያለው ይለቃል፤ በደረቅ ጠመኔ የተጻፈ ነው። ብናኙ ጠረጴዛ ላይ፣ ወለል ላይ፣ የትም አለ። ኮርኔሊያ በሕይወት ብትኖር እዚህ ክፍል አትቆምም ነበር።»

«እጅ ጽሑፉ ግን አንድ ነው» አለ ሸሪፉ።

«እዚህ ትምህርት ቤት መምህሩ ሁሉ ሰሌዳ ላይ አንድ ዓይነት ፊደል እንዲጽፍ ይገደዳል። አቶ ታልስማ ይመስክሩ።»

ታልስማ ራሱን ነቀነቀ።

«የቀረውን ከመናገሬ በፊት ሦስታችሁ መምህራን አንድ ነገር ሥሩልኝ።» አልዳ ጎን ባለው ትንሽ ሰሌዳ ላይ ጻፈች፤ «በረንዳው ላይ የተኛው ውሻ አጥሩን ዘሎ ጠፋ።» ከዚያ ሦስቱን ቀለም ዘረጋች። «ክበቡልኝ።»

ታልስማ ተነሥቶ ሰማያዊውን ያዘና ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ከበበው። ትንሽ አየውና «እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ» ብሎ ተቀመጠ። ትሩዲ ሳቋን በመሐረቧ አፈነችው።

አልዳ አጥፍታ እንደገና ጻፈችው። ሪናታ መጣች። ጠመኔውን ከማንሣቷ በፊት ዓይኗ ኩባያ ፈለገ፤ የኮርኔሊያን አገኘች፣ ነከረች። «በረንዳው ላይ» የሚለውን በአረንጓዴ፣ ውሻውን ከነአጃቢው በሰማያዊ፣ «አጥሩን ዘሎ ጠፋ» የሚለውን በቀይ ከበበች።

አልዳ ከጎኑ እንደገና ጻፈችው፤ ተራው የሃርላን ሆነ። ትልቁን ሰሌዳ አንድ ጊዜ ገላመጠው። ላቡን ጠረገ። ከዚያ አረንጓዴውን አነሣና «በረንዳው ላይ» የሚለውን ከበበ።

«ሃርላን፣ አንተ ከአረንጓዴ?» አለ ታልስማ፣ ሳያስበው።

ሃርላን ጠመኔውን መልሶ አስቀመጠ።

«እኔም ልጠይቅ የነበረው እሱን ነው» አለች አልዳ። «ሃያ ዓመት የተሟገቱበትን፣ ዛሬ ጠዋት እንኳ ሰይጣንም አያስታርቀን ያሉበትን፣ አሁን ለምን ተዉት?»

ሃርላን ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ለሟቿ ክብር ነው። በሷ መንገድ ልሥራው ብዬ።»

«አየሽ አለቃዬ» ብላ ወደ ሸሪፉ ዞረች፤ ስትቸኩል አንተና አንቺ ይምታታባታል። «እዚህ ተጠጋ። ኮርኔሊያ በጻፈችው በኩል አረንጓዴው ከታች ነው፣ ሰማያዊው ከላዩ አልፏል። መጀመሪያ ትንሹን ነው የከበበችው። እዚህ በደረቁ በኩል ግን ትልልቆቹ ክቦች ከታች ናቸው፣ አረንጓዴው ከሁሉም በላይ ነው። ይህን የሠራ ሰው ከትልቁ ይጀምራል። እኔ ይህን እስካሁን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ከትልቁ መጀመር ዛሬ እንደሚያስጠረጥር የሚያውቅ፣ ሰሌዳውን የሞላው ሰው ብቻ ነው።»

ሪናታ ግድግዳውን ተደገፈች።

«ሪናታ ብትሆን ጠመኔውን ትነክር ነበር፤ እጇ ሌላ ልማድ የለውም፣ አሁን አይታችኋል። አቶ ታልስማ እንኳን ሰሌዳ ሊሞሉ አንድ ውሻ አልሆነላቸውም። ኮርኔሊያ የሞተችው ቀን ላይ ነው፤ ልጆቹ ከተለቀቁ ጥቂት ቆይቶ። ገዳይዋ በደረቅ ጠመኔ ቶሎ ቶሎ ጻፈው። መንደሩ ሰሌዳዋ እስከ ማታ እንደሚፈጅ ያውቃል፤ ማታ ደግሞ እሱ መቶ ሰው ፊት መዝሙር ይመራል። ብናኙ ሲያፍነው መስኮቱን ከፈተ። የቀለሙ ብናኝ ኮቱ ላይ ስላረፈ በዚያ ብርድ በሸሚዝ ዘመረ። አቶ ሃርላን፣ የትናንቱ ኮትዎ የት አለ?»

ሸሪፉ ወጣ። ሲመለስ ከሃርላን መኪና የኋላ ሣጥን ያወጣውን ጥቁር ኮት ይዟል፤ እጅጌው ቀይና አረንጓዴ ነው።

«አሁን እርስዎ ይንገሩኝ» አለችው ታልስማን። «ኮርኔሊያ ምን ነበር ያለችዎ?»

ታልስማ መነጽሩን አውልቆ ያዘው። «ዓርብ ጠዋት መጣች። የሃርላን ተማሪዎች ዓረፍተ ነገሮቹን ከውድድሩ በፊት እየተሰጣቸው ያጠናሉ አለችኝ። አንዷን ልጅ ኮሪደር ላይ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ብታነብላት ልጅቷ የቀረውን ራሷ ጨረሰችው። ቅዳሜ ለወላጆቹ እነግራለሁ አለች። እኔ ደግሞ ለትምህርት ቤቱ ስም ብዬ፣ በቀስታ ጨርሰው ብዬ ለሃርላን ነገርኩት።»

ሃርላን ወንበሩ ላይ ተጣጥፎ ቀረ። «ልለምናት ነው የገባሁት» አለ። «ጀርባዋን ሰጥታኝ እየጻፈች ‹አንተው ራስህ ንገራቸው፣ ይቀልሃል› አለችኝ። ልጆቹ ፊት፣ ወላጁ ፊት። ቃጭሉ እጄ ላይ ነበር። ከዚያ የቀሩትን ዓረፍተ ነገሮች በቃሌ ጻፍኳቸው። በዚህች ልጅ ላይ እንዲላከክ አላሰብኩም። እዚህ መሆኗንም አላውቅም ነበር።»

«ጠዋት ስሟ ሲነሣ ግን ሰምተዋል» አለች አልዳ። «እኔም ፊት ለፊት ጠይቄዎታለሁ። በሰው አልፈርድም ብለው መስኮት መስኮቱን አዩ።»

ሸሪፉ ካቴናውን አወጣ።

ኮሪደሩ ላይ ወላጆቹ ለሪናታ መንገድ ለቀቁላት። አንዱ ኮፍያውን አወለቀ። ሸሪፉ ጉሮሮውን ጠርጎ «እንግዲህ ሥራችን ነው» አላት። «አውቃለሁ» አለችው። ትሩዲ የኬክ ሳህን ይዛ ሁለት ርምጃ ተራመደችና ቆመች።

አልዳ እስከ መኪናዋ ሸኘቻት። ሐይቁ እየጮኸ ነው።

«ከዚህ መንደር ትሄጃለሽ?»

«እንጃ። ሰኞ ልጆቹ ይመጣሉ። ሁለት መምህር አጥተዋል፤ የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋል።» ሪናታ ቁልፏን እጇ ላይ አገላበጠችው። «ከዚያ በኋላ አያለሁ።»

«ዛሬ እራት ከማን ጋር ነሽ?»

«ከማንም።»

«እንግዲያው ከኔ ጋር ነሽ» አለች አልዳ፣ በሩን ከፍታ ሳትጋበዝ እየገባች። «ድስት የምጥደው እኔ ነኝ፣ አንቺ ሽንኩርት ትከትፊያለሽ። ንጂ።»

ወዳጆቼ፣ ያቺ ልጅ ገዳይ አልነበረችም፤ ብቻዋን ነበረች፣ ጥርጣሬም ብቻውን የቆመ ሰው ላይ ቶሎ ያርፋል። ሰፈራችሁ ውስጥ አዲስ መጥቶ ብቻውን የሚበላ ሰው ካለ፣ ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ ዛሬ ሳይመሽ በሩን አንኳኩልኝ።